26 ኮርድ በ13 ሰከንድ፦ ጆን ኮልትሬን ምን ሠራ?

ሜይ 5 ቀን 1959 ኒው ዮርክ ውስጥ በተቀረጸ አንድ ሙዚቃ ላይ ፒያኒስቱ ይደናቀፋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) መደናቀፉን ለመስማት ሙዚቀኛ መሆን አያስፈልግም። ሳክስፎኑ ሶሎውን (ጎልቶ የሚጫወትበትን ተራ) ጨርሶ ቦታውን ሲለቅለት፣ ፒያኖው ጥቂት ሐረጎችን አያይዞ ይነሣል፤ ወዲያው ሐረጎቹ መቆራረጥ ይጀምራሉ፤ በሐረግና በሐረግ መካከል ያለው ዝምታ ይረዝማል፤ በመጨረሻ ዜማ ማፍለቁን ትቶ ኮርዶቹን ብቻ እየተጫነ ተራውን ያልፋል። ከዚያ ሳክስፎኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይገባና እንደ ጎርፍ ይወርዳል።

ፒያኒስቱ ቶሚ ፍላናጋን ነው። ጀማሪ አልነበረም፤ ከዘመኑ ምርጥ ፒያኒስቶች አንዱ ነበር፤ በኋላም ዘፋኟን ኤላ ፊትዝጄራልድን ለረጅም ዓመታት ያጀበ ሰው ነው። የሙዚቃው ስም «ጃያንት ስቴፕስ» ይባላል። የደረሰውና ሳክስፎኑን የሚጫወተው ደግሞ ያኔ 32 ዓመቱ የነበረው ጆን ኮልትሬን ነው።

ኮልትሬንን የሚያደንቅ ሰው ብዙ ነው፤ «ምኑን?» ሲባል ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ «በቃ ሊቅ ነው» ከሚለው አያልፍም። እኔም ለዓመታት ከዚያ በላይ መናገር አልችልም ነበር። ነገሩ ግን ሊገለጽ ይችላል። ፍላናጋንን ምን እንደጣለው ከተረዳን፣ ኮልትሬን የሠራውን ግማሹን ተረዳን ማለት ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ያንን ከባድ ነገር ከቻለ በኋላ ለምን ትቶት እንደሄደ ማወቅ ነው።

ከመሠረቱ እንነሣ። ጃዝ ውስጥ ሶሎ ሲባል ተጫዋቹ የመጣለትን ሁሉ ይነፋል ማለት አይደለም። ቅኔ ሲዘረፍ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቅኔ ዘራፊው የስንኙ ልክና ቤት መምቻው አስቀድሞ ተወስኖለታል፤ ቃሉንና ምሥጢሩን ግን እዚያው ቆሞ ያፈልቃል። የጃዝ ሶሎም እንደዚያው ነው። የተወሰነው ነገር የኮርዶች ቅደም ተከተል ነው። ኮርድ ማለት ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ድምፆች ባንድነት ሲሰሙ ነው፤ ፒያኖውና ቤዙ ይህን ቅደም ተከተል እያዞሩ ይጫወታሉ። እያንዳንዱ ኮርድ ለሳክስፎኑ «አሁን እነዚህ ድምፆች ይስማሙሃል፣ እነዚያ ይጣሉሃል» ይለዋል። ኮርዱ ሲቀየር የሚስማሙትም ይቀየራሉ። ስለዚህ ተጫዋቹ ዜማ እየፈጠረ ሳለ ከእግሩ ሥር ያለው መሬት ይለዋወጥበታል።

ሁለተኛው ነገር ሙዚቀኞች «ኪ» የሚሉት ነው። ለዚህ ጽሑፍ «ቤት» እንበለው። አንድ ዘፈን የሚነሣበትና ሲያልቅ የሚያርፍበት ድምፅ አለ፤ ጆሮ እዚያ ሲደርስ «ገባን» ይላል። በቀደሙት የጃዝ ዜማዎች ሙዚቃው ከቤቱ ወጥቶ ጎረቤት ይደርስና ይመለሳል። ጎረቤት የምለው በምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ስኬል የሚባል የድምፆች መሰላል አለው፤ የቅርብ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሜጀር ስኬሎች ካሏቸው 7 ድምፆች 6ቱን ይጋራሉ። አንዷን ድምፅ ብቻ ቀይሮ መሻገር ይቻላል። ጣትም ጆሮም አይደነግጥም።

ኮልትሬን ይህን አፈረሰ። ፒያኖ ላይ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ነጭና ጥቁሩ ተደምሮ 12 ድምፅ አለ። እነዚህን 12 ድምፆች በሰዓት ሰሌዳ ዙሪያ ተደርድረው አስቧቸው። ኮልትሬን ሰሌዳውን እኩል ለሦስት ከፈለው፦ 12 ላይ አንድ ቤት፣ 4 ላይ አንድ ቤት፣ 8 ላይ አንድ ቤት። ሦስቱ እኩል ይራራቃሉ፤ የትኛው ዋናው ቤት፣ የትኛው የእንግዳ ማረፊያ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ ከ7ቱ ድምፆች የሚጋሩት 3ቱን ብቻ ነው። አራቱን በአንድ ጊዜ መጣል፣ አራት አዲስ ማንሣት ነው።

ፍጥነቱን ጨምሩበት። «ጃያንት ስቴፕስ» አንድ ዙሩ 16 ባር ነው፤ በየባሩ 4 ምት፣ በድምሩ 64 ምት። የተቀረጸው በደቂቃ ወደ 290 ምት በሚጠጋ ፍጥነት ነው። አስሉት፤ አንድ ዙር 13 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በዚህ 13 ሰከንድ ውስጥ ኮርዱ 26 ጊዜ ይቀየራል። ለአንድ ኮርድ በአማካይ ግማሽ ሰከንድ ይደርሰዋል። በዚያ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ቤቱን መለየት፣ የሚስማማውን ድምፅ መምረጥ፣ ከቀደመው ሐረግ ጋር ማያያዝ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ማሰብ ያስፈልጋል። ፍላናጋን የወደቀው እዚህ ነው። ማንም በዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ይወድቅ ነበር።

ኮልትሬን ለምን አልወደቀም? ስለተዘጋጀ ነው። ሶሎውን አዘግይቶ ያዳመጠ ሰው የዝግጅቱን አሻራ ያገኛል። ደጋግሞ የሚጠቀምባት አንዲት አራት ድምፅ ያላት ጡብ አለች፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። አዲስ ቤት በተከፈተ ቁጥር በዚያ ቤት ዶ ላይ ተነሥቶ ይህችኑ ጡብ ያስቀምጣል፤ አንዳንዴ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ ገልብጦ ወደ ታች። ትዝታ ቅኝትን የሚያውቅ ጆሮ እዚህ ላይ ቆም ይላል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው፣ የኮልትሬን ጡብ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ አራቱ። በዚያ ሁሉ ውስብስብ ሒሳብ መካከል በእጁ የያዘው ሕፃን ልጅ ሊያንጎራጉረው የሚችል ነገር ነበር። ይህን ሳውቅ ለሙዚቃው ያለኝ ፍቅር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

«ጃያንት ስቴፕስ» መለማመጃ ይመስላል፣ ስሜት ይጎድለዋል የሚሉ አሉ። በከፊል እስማማለሁ። በዚሁ ስም በወጣው አልበም ላይ ለባለቤቱ ለናይማ የደረሰው በስሟ የተሰየመ ዝግተኛ ዜማ አለ፤ ልቤ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ግን ከ«ጃያንት ስቴፕስ» በኋላ የመጣው ሁሉ ያለዚያ ልምምድ አይመጣም ነበር።

ሰውየው ከየት መጣ? በ1926 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሃምሌት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ሃይ ፖይንት ነው። አያቱ ሰባኪ ነበሩ። አባቱ ልብስ ሰፊ ሆኖ የሙዚቃ መሣሪያም ይጫወት ነበር። 12 ዓመት በሞላው ሰሞን በጥቂት ወራት ውስጥ አባቱን ጨምሮ የቅርብ ዘመዶቹ ተከታትለው ሞቱበት፤ ሙዚቃን አጥብቆ የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1943 ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። ባሕር ኃይል ገብቶ በ1946 ሃዋይ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የተቀረጸው ሙዚቃ ዛሬም አለ። የሚሰማው ታላቁን ሳክስፎን ተጫዋች ቻርሊ ፓርከርን ለመምሰል የሚታገል፣ ገና ያልበሰለ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ያንን ቅጂ የሰማ ሰው «ይህ ልጅ ዓለምን ይለውጣል» አይልም። ተሰጥኦው ከሰማይ ወርዶለት ያደረ ሰው አልነበረም።

ስለ ልምምዱ አብረውት የኖሩት ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ። ቀን ይለማመዳል፤ ማታ ሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓት ይለማመዳል፤ ሌሊት ሳክስፎኑን እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጎረቤት እንዳይረበሽ ሳይነፋ ጣቶቹን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር።

1955 ላይ ታዋቂው ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስ ወደ ባንዱ ወሰደው። ሄሮይን ግን ይዞት ነበር፤ መድረክ ላይ ያንቀላፋል፣ ያረፍዳል። በ1957 ማይልስ አባረረው። ኮልትሬን ፊላዴልፊያ ገብቶ ቤት ዘግቶ ከሱሱ ተላቀቀ። በኋላ እሱ ራሱ እንደጻፈው፣ በዚያ ዓመት በእግዚአብሔር ጸጋ መንፈሳዊ መንቃት አገኘ፤ በምላሹም በሙዚቃ ሌሎችን ማስደሰት የሚችልበት ጸጋ እንዲሰጠው ለመነ። ያንኑ ዓመት ከቴሎኒየስ መንክ ጋር ፋይቭ ስፖት በሚባለው የኒው ዮርክ ክለብ ለወራት ተጫወተ። መንክ ብዙ ጊዜ ፒያኖውን ትቶ ይነሣና ሳክስፎኑን ከቤዝና ከድራም ጋር ብቻውን ይተወዋል፤ ኮልትሬን በአንድ ኮርድ ላይ ሦስት አራት ኮርድ ደራርቦ መሙላትን በደንብ የተማረው እዚያ ነው። በ1958 ወደ ማይልስ ሲመለስ ድምፆቹ ከመብዛታቸው የተነሣ አንድ በአንድ ሳይሆን እንደ መጋረጃ ይወርዱ ነበር። አይራ ጊትለር የተባለ ሐያሲ «የድምፅ አንሶላዎች» ብሎ ጠራቸው፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። ኮልትሬን ሶሎ ከጀመርኩ እንዴት እንደምጨርስ አላውቅም ብሎት፣ ማይልስ «ሳክስፎኑን ከአፍህ አውጣዋ!» ብሎ እንደመለሰለት ይነገራል።

አሁን ወደ 1959 እንመለስና ቀኖቹን እንይ። ኤፕሪል 22 ቀን ኮልትሬን የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም ሁለተኛ ቀረጻ ላይ ነበር። ከዚያ በ13ኛው ቀን «ጃያንት ስቴፕስ»ን ቀረጸ። ሁለቱ ሥራዎች የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ላይ ያለው የመጀመሪያው ዜማ 32 ባር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 16 ባሮች በአንድ ስኬል ላይ ይቆያሉ፣ 8ቱ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላሉ፣ የመጨረሻዎቹ 8 ወደ መነሻው ይመለሳሉ። አለቀ። በአንዱ ሙዚቃ 16 ባር ውስጥ 26 ኮርድ፣ በሌላው 16 ባር ውስጥ አንድ ስኬል። ያው ሰው፣ ያው ወር ሊባል በሚችል ጊዜ።

ይህ ሁለተኛው መንገድ «ሞዳል ጃዝ» ይባላል። ለምዕራባውያን አንባቢ ለማስረዳት ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ በቅኝት ላደገ ጆሮ ግን ግማሹ ሥራ አልቋል። ባቲ ወይም አንቺሆዬ ሲዜም ኮርድ አይቆጠርም። የተወሰኑ ድምፆች አሉ፤ አዚያሚው በእነሱ ውስጥ ይቆያል፤ ጥበቡ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ፣ የትኛውን እንደሚያስጨንቅ፣ የትኛውን እንደሚያዘገይ ማወቅ ነው። ሞዳል ጃዝም ይህንኑ ነው ያለው፦ መሮጡን ትተን እንቆይ።

ኮልትሬን ሁለቱንም መንገድ በእጁ ይዞ መረጠ። መቆየቱን መረጠ። የምወደው ውሳኔው ይህ ነው። ማንም በማይችለው ነገር ላይ ተቀምጦ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችል ነበር፤ ሌላ ሰው ይህን ያደርግ ነበር። እሱ ግን ያንን ሁሉ የጣት ፍጥነትና የኮርድ ዕውቀት ይዞ ወደ ሰፊው ሜዳ ወጣ። አንድ ስኬል ላይ ቆሞ ሲጫወት እንኳን ጣቶቹ ያንን የሦስት ቤት ጉዞ ያውቁታል፤ ከታች ያሉት ፒያኖና ቤዝ ሳይንቀሳቀሱ እሱ ከላይ ወጣ ብሎ ይመለሳል። ውጥረቱ የሚፈጠረው ከዚህ ነው።

በኦክቶበር 1960 የቀረጸው «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» ይህን ለመስማት ጥሩ በር ነው። ዜማው ከብሮድዌይ ትያትር የተወሰደ፣ በሦስት ምት የሚሄድ ቀላል ዘፈን ነው። ኮልትሬን 13 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አካባቢ አደረገው። ፒያኒስቱ ማኮይ ታይነር በሶሎዎቹ ሥር ሁለት ኮርዶችን እያመላለሰ ያዞራል፤ ሌላ አይጨምርም። ኤልቪን ጆንስ ድራሙን በሦስት ምቱ ዙሪያ ስለሚያሽከረክረው ምቱ መስመር ሳይሆን ክብ ይመስላል። ኮልትሬን የያዘው የለመደውን ቴነር ሳይሆን ቀጥ ያለውንና ቀጭን ድምፅ ያለውን ሶፕራኖ ሳክስፎን ነው። ሶፕራኖ በዘመናዊ ጃዝ ተጫዋቾች ዘንድ የተረሳ መሣሪያ ነበር፤ ስቲቭ ሌሲን የመሰሉ ጥቂቶች ብቻ ነበሩ የያዙት። ከዚህ ቅጂ በኋላ የሳክስፎን ተጫዋቾች ሁለተኛ መሣሪያ ሆነ። ዘፈኑም ሰፊ ተወዳጅነት አገኘ፤ 13 ደቂቃ የሚረዝም ጃዝ በሬዲዮ ይለቀቃል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

በኋላ ቤዚስቱ ጂሚ ጋሪሰን ሲጨመር አራቱ ተሟሉ። ይህ ኳርቴት በጃዝ ታሪክ ከተሰሙት ሁሉ የበለጠ ነው ብል አላፍርም።

በሴፕቴምበር 15 ቀን 1963 በአላባማ ግዛት፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ በ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዘረኞች ያጠመዱት ቦምብ ፈንድቶ አራት ጥቁር ልጃገረዶችን ገደለ። ኮልትሬን ከሁለት ወር በኋላ «አላባማ»ን ቀረጸ። የሚናገር ግጥም የለውም። ታይነር ከታች ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥ ጥቁር ድምፅ ይዘረጋል፤ ሳክስፎኑ ከላይ ሰው ለቅሶ ቤት እንደሚናገር ይናገራል፣ ቃል እያጠረው፣ ትንፋሽ እየወሰደ። የፈለገው ያህል ፈጣን መሆን የሚችል ሰው እዚህ ላይ አንድም ትርፍ ድምፅ አልነፋም።

ዲሴምበር 9 ቀን 1964 ኒው ጀርሲ በሚገኘው የሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ተቀረጸ። ባለ አራት ክፍል ነው፤ በድምሩ 33 ደቂቃ ገደማ። በመጀመሪያው ክፍል ቤዙ አራት ድምፅ ያላት ሐረግ ያነሣል፣ ርእሱን በሙዚቃ ቃል የምትጠራ። ኮልትሬን ሶሎውን ወደ መጨረስ ሲደርስ ይህችኑ ሐረግ ይይዝና በ12ቱም ቤቶች ያዞራታል፤ ቤዙ አብሮት አይዞርም፤ እሱ ግን አንዱን ሳያስቀር በየበሩ ያንኳኳል። ያ የ«ጃያንት ስቴፕስ» ጥበብ ነው፤ አሁን ግን ለሩጫ ሳይሆን ፍቅሩ የሌለበት ቦታ የለም ለማለት ዋለ። ቀጥሎ የሰው ድምፅ ርእሱን በቃል እየደጋገመ ያዜማል።

አራተኛው ክፍል ስሙ «መዝሙር» ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ አድማጭ ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ። ኮልትሬን ለእግዚአብሔር የጻፈው ጸሎት በአልበሙ ሽፋን ላይ ታትሟል። ያንን ወረቀት በእጃችሁ ይዛችሁ አራተኛውን ክፍል አዳምጡ። ሳክስፎኑ ጸሎቱን እያነበበ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ድምፅ። «አምላክ ሆይ፣ አመሰግንሃለሁ» የሚለው ሐረግ በተመለሰ ቁጥር ዜማው ብዙ ጊዜ ወደ መነሻው ድምፅ ወርዶ ያርፋል፣ ሰባኪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዐረፍተ ነገሩን እንደሚዘጋው። የሰባኪ የልጅ ልጅ ነው። ይህን ሳላውቅ ለብዙ ጊዜ አዳምጬው ነበር፤ ወረቀቱን ይዤ የሰማሁት ቀን ግን መጨረሻው ላይ ስደርስ መናገር አልቻልኩም።

ከ1965 በኋላ ያለው መንገዱ ከባድ ነው። ምትም ቤትም እየተወ ሄደ፤ «አሰንሽን» በተባለው አልበም 11 ሙዚቀኞች ባንድነት ይጮኻሉ። ታይነርና ጆንስ ተራ በተራ ለቀቁ፤ ባለቤቱ አሊስ ፒያኖው ላይ ተቀመጠች። ለጀማሪ አድማጭ ከዚህ ጀምር አልለውም፣ ግን አትለፈው እለዋለሁ። ጁላይ 17 ቀን 1967 በጉበት ካንሰር ሞተ። 40 ዓመቱ ነበር።

ተጽዕኖው ብዙ መልክ አለው። የሳክስፎን ተማሪ በየትም አገር «ጃያንት ስቴፕስ»ን ሳይጋፈጥ አያልፍም፤ አንድን ሐረግ በ12ቱም ቤቶች ማዞር የዕለት ልምምድ ሆኗል። የሮክ ባንዱ ዘ በርድስ በ1966 «ኤይት ማይልስ ሃይ» ላይ ያለውን የጊታር ሐረግ የወሰደው ከእሱ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ በእሱ ሙዚቃ የሚያመልክ። በ2007 ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት ተሰጠው። ጥላም ጥሏል፤ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ስፍር ቁጥር የሌለው ወጣት የእሱን ፍጥነትና ጩኸት ገልብጦ፣ «አላባማ» ላይ ያለውን ዝምታ ግን ሳይገለብጥ ቀረ።

ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ግን ፍላናጋን ነው። ያ የተደናቀፈበት ሶሎ በዓለም ሁሉ እየተሸጠ፣ እየተጠና፣ በተማሪዎች እየተመሳከረ ኖረ። በ1982፣ ከ23 ዓመት በኋላ፣ ፍላናጋን ከቤዚስቱ ጆርጅ ምራዝና ከድራመሩ አል ፎስተር ጋር ስቱዲዮ ገባና ለኮልትሬን መታሰቢያ የሚሆን አልበም ቀረጸ። ርእሱ «ጃያንት ስቴፕስ» ነው። ያንን ዜማ በድጋሚ ተጫወተው። ሦስቱንም ቤቶች ያውቃቸዋል፤ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ሐረጎቹ አይቆራረጡም።